መልስ፦ ስፌት ላይ ከመዋል ለሚመጣ የአንገት ሕመም

እህቴ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ አቀርቅረው ስለሚውሉ አንገትዎንና ትከሻዎን እንደሚያምዎት፣ መታሸቱም ለአንድ ሌሊት ብቻ እንደሚያሳርፍዎት ገልጸው ፊዚዮቴራፒ (በአካል እንቅስቃሴና በመሰል ዘዴዎች የሚሰጥ ሕክምና) ይረዳ እንደሆነ ጠይቀዋል። ይረዳል፤ ዋናው ሥራ ግን በእርስዎ እጅ ነው። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ወደ ፊት ባዘነበለ ቁጥር የማጅራት ጡንቻዎች ሸክሙን ለመያዝ ያለ ዕረፍት ይወጠራሉ፤ መታሸት ውጥረቱን ቢያላላም ጡንቻውን አያጠነክረውም።

ጀርባዎን ለግድግዳ ሰጥተው ይቁሙና፣ ዓይንዎ ፊት ለፊት እያየ፣ ሳያቀረቅሩ አገጭዎን ወደ ኋላ ይሳቡ፤ 5 ሰከንድ ይዘው ይልቀቁት፣ 10 ጊዜም ይደጋግሙት። ማጅራትዎ በቀስታ ሲሳብ ከተሰማዎት በትክክል ሠርተውታል፤ ሕመሙ ከበረታ ግን ያቁሙ። ትከሻዎን ወደ ጆሮዎ ሳያነሡ ወደ ኋላ መሳብም ጠቃሚ ነው። እኔ ግን ከሁሉም የማስቀድመው በየግማሽ ሰዓቱ ከመኪናው ተነሥቶ መንቀሳቀስን ነው። ለውጡ ሳምንታት ስለሚወስድ እባክዎ ተስፋ አይቁረጡ።

ክንድዎ ከደነዘዘ፣ መቀስ ከእጅዎ እየወደቀ ካስቸገረዎት ወይም እግርዎ ከተንገዳገደ ግን እንቅስቃሴውን ትተው እዚያው ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ወጥተው ሳይዘገዩ ለሐኪም ይታዩ።