ከአንባቢያን ለቀረቡ ጥያቄዎች፦ የሁጎ ፕራት ምርጥ ሥራ የትኛው ነው?

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከመሐል ሜዳ ነው። አዲስ አበባ የሚማረው ወንድሜ ስልኩ ላይ የጫናቸውን፣ ኮርቶ ማልቴዝ የሚባለውን መርከበኛ ጀብዱ በሥዕል የሚተርኩትን ኮሚኮች እያየሁ ከረምኩ፤ ሳልወድ በግዴ ወደድኳቸው። ሳልወድ ያልኩት በምክንያት ነው። ሠዓሊው ሁጎ ፕራት በልጅነቱ ከጣሊያን ወራሪዎች ጋር አገራችን ውስጥ የኖረ ሰው ነው ይባላል። እኔ ደግሞ ጣሊያን በ1931 ዓ.ም. ዘረት ዋሻ የተጠለለውን ሕዝብ በመርዝ ጋዝ የፈጀበት የመንዝ ልጅ ነኝ፤ አያቶቼ አርበኞች ነበሩ። እንዲህ ያለውን ሰው ማድነቅ ነውር አይሆንም? ደግሞስ ከሥራዎቹ እርስዎ የቱን ያስቀድማሉ? ወንድሜ ኮርቶ መጀመሪያ የታየበትን፣ የደቡብ ባሕሩን ታሪክ የሚያህል የለም ይላል። እኔም በትርፍ ጊዜዬ እሥላለሁ።

መልስ፦

ልጄ፣ ከሁለተኛው ልጀምር፤ የቀለለው እሱ ነው። (የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ወንድምሽ ያለው የብዙ ሰው ፍርድ ነው። ያ ታሪክ በ1967 ጣሊያን ውስጥ በመጽሔት መውጣት ሲጀምር ኮርቶን ያስተዋወቀን እሱ ነው፤ አጀማመሩም ቢሆን ይደነቃል። ተራኪው ሰው አይደለም፣ ራሱ ፓስፊክ ውቅያኖስ ነው። ጀግናውን የምናገኘው ደግሞ መርከበኞቹ አምፀውበት፣ እንጨት ላይ ተጠፍሮ ባሕር ላይ ሲንሳፈፍ ነው። እኔን የማያጠግበኝ ሥዕሉ ነው። ፕራት እዚያ ላይ ገና ባዶ ወረቀት ይፈራል። ገመዱንም፣ ሸሚዙንም፣ ሞገዱንም በብዕር ጭረት ይሞላዋል፤ ሁሉም እኩል ይጮኻል።

የእኔ ምርጫ በ1972 እና በ1973 ለፈረንሳዮች የልጆች መጽሔት የሠራቸው፣ በኋላ «ሌ ኤትዮፒኬ» ተብለው በአንድ ጥራዝ የወጡት አራት ታሪኮች ናቸው። ዘመኑ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል፣ 1918 ነው። ኮርቶ ከየመን ተነስቶ በእንግሊዝ ሶማሊያ በኩል ወደ እኛው ቆላ ይመጣል፤ መጨረሻው በጀርመኖቹ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ሩፊጂ ወንዝ ላይ ነው። እዚህ ሲደርስ ፕራት መተው ተምሯል። ሰማዩ ምንም የለበትም። አድማሱ አንድ መስመር ነው፣ እሱም እጁን ሳያነሳ አንዴ የጫረው ይመስላል። የሰው ፊት ስታዪ ግማሹ ድፍን ጥቁር፣ ግማሹ ወረቀቱ ራሱ ነው፤ በብርሃኑ በኩል ጉንጩ የት ላይ እንደሚያልቅ አልተሠመረም። የምታሠምሪው አንቺ ነሽ። ጥቁሩን በብሩሽ እንዲህ መጣል የለመደው ከአሜሪካዊው ሚልተን ካኒፍ ነው፤ ካኒፍ ግን መብራት እንዳለበት ቤት ነው የሚሠራው፣ ፕራት በቀትር ፀሐይ።

ያንን ፀሐይ እኛ እናውቀዋለን። እኔ ደብረ ብርሃን ተወልጄ፣ እዚሁ ሥዕል ሳስተምር ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ዓመቱን ሙሉ ጋቢ ከትከሻዬ አይወርድም። ጣርማበር ላይ ጉሙ ውስጥ ገብተሽ፣ ደብረ ሲናን አልፈሽ፣ ሸዋ ሮቢት ስትወርጂ ግን አረንጓዴውም ግራጫውም ወዴት እንደሄደ አታውቂም። ስድስት ሰዓት ላይ የሚቀርሽ ነጭ አፈርና ጥቁር ጥላ ብቻ ነው። ግራር ሥር የተቀመጠ ሰው እስኪነሳ ድረስ ከጥላው አይለይም። ፕራት በልጅነት ዓይኑ የያዘው ይህንን ይመስለኛል። ከመጽሐፍ ገልብጦማ ቢሆን ኖሮ የግመሉን ጌጥ ሁሉ ይዘረዝርልን ነበር።

አሁን ኩሽ ወደሚባለው ሰው ልምጣ፤ ምርጫዬን የወሰነው እሱ ነው። ኩሽ የዚሁ የእኛ ቀጠና ሙስሊም ተዋጊ ነው፣ የኮርቶ የመንገድ ጓደኛ። አሽከሩ አይደለም፣ መንገድ መሪውም አይደለም። ሲያሻው ይዘልፈዋል፣ ሳያሻው ዝም ይለዋል። ዝምታው ደግሞ ተሥሏል፤ ቃል የሌለበት የሥዕል ሳጥን ይመጣል፣ ኩሽ ያያል፣ ሌላ ሳጥን ይመጣል፣ አሁንም ያያል። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ኮሚክ ውስጥ ጥቁር ሰው ወይ ይስቃል ወይ ይሸሻል እንጂ እንዲህ ፊት ለፊት ቆሞ ሲመዝንሽ አታገኚውም። ፕራት ራሱ በ1959 አፍሪካ ላይ ሌላ ታሪክ ሠርቶ ነበር፤ የታሪኩ እንብርት ጫካ ውስጥ የምትኖር እንግሊዛዊት ልጅ ናት፣ አፍሪካውያኑ አጃቢዎች ናቸው። ከእሷ እስከ ኩሽ ያለውን መንገድ ለሄደ ሰው ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ኩሽን በኋላም አልተወውም፤ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት በረሃ በሚተርኩት «የበረሃው ጊንጦች» ውስጥ መልሶ አምጥቶታል።

ስለ ነውሩ ጥያቄሽ። የሰማሽው እውነት ነው። ፕራት በ1927 ሪሚኒ ተወልዶ በአሥር ዓመቱ፣ በ1937፣ ከእናቱ ጋር ወደዚህ መጣ፤ አባቱ የቅኝ ግዛቱ ወታደር ነበር። በ1941 አባትየው በእንግሊዞች ተማረከ፣ በምርኮ እንዳለም በ1942 ሞተ። ልጁና እናቱ ድሬዳዋ ካምፕ ገብተው ቆይተው ወደ ጣሊያን ተመለሱ። አንዳንዱ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲነሳ «የጣርማበርን የመንገድ ዋሻ የቆፈረው ጣሊያን አይደለም ወይ? ታዲያ አናልፍበትም ወይ?» ይላል። ይህ መልስ አይጥመኝም፤ መንገድ አለፍሽበት ማለት ቆፋሪውን አደነቅሽ ማለት አይደለም። የአሥር ዓመት ልጅ ላይም የአባቱን ዕዳ አልቆጥርም። የምቆጥርበት ያልሠራውን ነው። እኔ ባነበብኳቸው የፕራት ታሪኮች ውስጥ ጦርነቱ ምሽግ፣ ጠረፍና በረሃ ላይ ነው፤ ዩኒፎርሙ እስከ ቁልፉ ትክክል ነው፤ ደጋው ግን የለም። ከአበበ አረጋይ ጋር ጫካ የገባው የሸዋ ገበሬ የለም፣ ዘረት የለም። ስለዚህ ብርሃን እንዴት እንደሚሣል ለማወቅ ወደ እሱ ሂጂ፤ አያቶችሽን ፍለጋ አትሂጂ።

እሥላለሁ ስላልሽኝ ነው ይህን ሁሉ የማወራው። አንኮበር የተወለዱት አፈወርቅ ተክሌ ለአፍሪካ አዳራሽ መስታወት ሠርተዋል፤ ታሪክን በሳጥን በሳጥን ከፍሎ መሣሉም ቢሆን የንግሥት ሳባን ሥዕል ግድግዳው ላይ ላየ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የዘረትን ገጽ የሚሠራው የመንዝ ሰው ቢሆን ደስ ይለኛል። ጨለማውን ዋሻ ለመሣል ከፕራት የሚሻል አስተማሪ አላገኝልሽም። አንድ ልምምድ ልስጥሽ፤ ከአራቱ ታሪኮች የወደድሽውን ገጽ ምረጪና የንግግሩን አረፋዎች በወረቀት ሸፍኚ። ማን ማንን እንደፈራ ከአቋቋማቸው ብቻ ንገሪኝ። ሦስት ገጽ ሠርተሽ ላኪልኝ፣ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ እመልስልሻለሁ።

ጥያቄ፦

ሰላም ጋሼ። ደብረ ሲና ነው የምኖረው። ጥቁሩን በሰፊው መሙላት ስሞክር ወረቀቱ ይጨማደድብኛል፣ ቀለሙም ዥጉርጉር ይሆናል። ምን ላድርግ?

መልስ፦

ደብተር ላይ እየሠራህ እንደሆነ ገመትኩ። ወፈር ያለ የሥዕል ወረቀት ግዛ፤ ሲቆረጥ የተረፈውን በርካሽ የሚሸጡ ማተሚያ ቤቶች አሉ። አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ጣውላ ላይ ለጥፈው፣ አይጨማደድም። ቻይና ቀለም ከሆነ ውኃ አትጨምርበት። ቀጫጭኑን መስመር አስቀድም፣ ድፍኑን ጥቁር መጨረሻ ላይ አንዴ ጣለውና ሳይደርቅ ተመልሰህ አትነካካው፤ የሚያዥጎረጉረው መነካካቱ ነው። ብሩሽ ካጣህ ቁም ጸሐፊ ፈልግና መቃ ብርዕ እንዴት እንደሚቀረጽ ተማር። አፉን በሰያፍ ከቆረጥከው ወፍራሙንም ቀጭኑንም መስመር በአንድ ብርዕ ታወጣለህ። የእርሳሱን ምልክት በላጲስ የምታጠፋው በማግስቱ ነው፤ በእኛ ብርድ ቻይና ቀለም ደረቀ ብለህ ስትነካው ይዞህ ይመጣል።