የዳታ ጥበቃ ፊርማ ለማን ይግባ? ለጠየቅከው መልስ

የሰው የግል መረጃ (ዳታ) በሕግ እንዲጠበቅ ፊርማ እያሰባሰባችሁ እንደሆነ ነግረኸኝ፣ ለማን እንደሚገባ ጠይቀኸኝ ነበር። መጀመሪያ የፊርማ ወረቀቱ ላይ ያለውን «የዳታ ጥበቃ ሕግ ይውጣልን» የሚለውን ርዕስ ቀይሩት። ሕጉ ወጥቷል እኮ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። «ይውጣ» ብላችሁ ከሄዳችሁ «አለ» ብለው ይሸኟችኋል። «ይተግበር፣ ይጠንክር» በሉ።

ለማን ይግባ ላልከው፣
1. ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን። አዋጁን የማስፈጸም ኃላፊነት የእሱ ነው።
2. የቴክኖሎጂ ጉዳዮችን ለሚከታተለው የፓርላማ ቋሚ ኮሚቴ፣ በግልባጭ።

ሁለቱም ጋ መዝገብ ቤት ስታስገቡ የራሳችሁ ኮፒ ላይ ማኅተምና ቀን አስመቱ፣ አለዚያ በኋላ «አልደረሰንም» መባል አለ።

የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 26 ጥቀሱ፤ የግል ሕይወትን መብት የሚያስከብረው እሱ ነው። ግን ሁለት ገጽ ሙሉ አንቀጽ አትደርድሩ፣ ማንም አያነበውም። አንድ የሚታይ ነገር ያዙ። ለምሳሌ ሕንፃ ስንገባ ጥበቃው የሚያስሞላንን ደብተር፦ ከእኛ በፊት የገባው ሁሉ ስም፣ ስልክና የመታወቂያ ቁጥር ፊት ለፊት ተዘርግቶ ነው እኛም የምንጽፈው፣ ደብተሩ ሲሞላ ደግሞ የት እንደሚሄድ የሚነግረን የለም። እሱን ይዛችሁ «ለምን ይሰበሰባል፣ መቼ ይወገዳል» ብላችሁ መመሪያ ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ለእንዲህ ዓይነት ዘመቻ ፊርማ ሲሰበሰብ አይቻለሁ፤ የፈራሚዎቹ ስምና ስልክ ያለበት ወረቀት ፎቶ ተነስቶ «ደርሰናል!» ተብሎ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተለቀቀ። ስለ ዳታ ጥበቃ እየጮኹ! ስምና ፊርማ ይበቃችኋል፣ ስልክ ካስፈለገም ለብቻው፣ አንድ ሰው ጋ ይቀመጥ።