የትራፊኮች ግሩፕ ልትከፍቱ ከሆነ መጀመሪያ የኔን ስሚ

ከመሐል ሜዳ የጠየቅሽው እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። «የሰሜን ሸዋ የወረዳ ትራፊኮች በቴሌግራም ልንሰባሰብ ነው፤ ይጠቅመናል ወይ? ምንስ እንጠንቀቅ?» ነው ያልሽው። ከላይ የመለሱልሽ ሰዎች «አሪፍ ሐሳብ ነው፣ በርቱ» ብለው አልፈዋል። እኔ በዚሁ ጉዳይ ማዕረግ የዘገየብኝ ሰው ነኝና ትንሽ ላስረዝም። 17 ዓመት በትራፊክ ሠርቻለሁ፣ አብዛኛውን ደብረ ሲና። ግሩፕ እንዴት እንደሚከፈት አልነግርሽም። እሱን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

1. ይጠቅማል። በተለይ ለፕላን፣ ማለትም አደጋ የደረሰበትን ቦታ ለክተን ለምናነሳው ንድፍ።

ጣርማ በርን ታውቂዋለሽ። ጉሙ ሲወርድ ከፊትሽ ያለውን ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ከማየትሽ በፊት ጭሱ ይሸትሻል። ከዋሻው ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ አደጋ ያደረሰ ሾፌር ሁሉ ቃሉ አንድ ነው፦ «ፍሬን እምቢ አለኝ።» እኔም ለዓመታት ቃሉን እየተቀበልኩ እጽፍ ነበር። አንድ ቀን የአንድ ዶልፊን ሚኒባስ አደጋ ፕላን አንስቼ ግሩፓችን ላይ ለጠፍኩት። የፊት ጎማ ጭረት 40 ሜትር፣ አስፋልቱ ደረቅ፣ ሾፌሩ «በ40 ነበር የምነዳው፣ ፍሬን እምቢ አለኝ» ይላል። ምን ትላላችሁ አልኩ።

ሸዋ ሮቢት ያለ አንድ ልጅ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መለሰ። «ጋሼ፣ የፊት ጎማ ከጫረ እኮ ፍሬኑ ይዟል ማለት ነው።»

እንዴት እንዳፈርኩ! ፍሬን እምቢ ያለው መኪና ጎማው እየተንከባለለ ይሄዳል እንጂ አስፋልት ላይ እንዲያ አይጽፍም። ልጁ በዚያ አላበቃም። ስሌቱን በእጁ ጽፎ ፎቶውን ላከልኝ። ደረቅ አስፋልት ላይ የጎማና የአስፋልቱ ሰበቃ 0.7 ገደማ ነው። መኪናው 40 ሜትር ጭሮ ከቆመ ፍጥነቱ በሰዓት 84 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነበር ማለት ነው። ቁልቁለቱ 7 በመቶ ከሆነ ደግሞ ወደ 80 ይወርዳል፣ ምክንያቱም ቁልቁለት ላይ መኪና ለመቆም ብዙ ሜትር ይፈጃል። ሾፌሩ ካለው ሁለት እጥፍ መሆኑ ነው። ፍርድ ቤት ስጠየቅ ይህንኑ አስረዳሁ። ዐቃቤ ሕጉ ቀና ብሎ አየኝ። ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ የወደቀ ሰው ነኝ እኮ።

ሌላም አለ። አንድ ጡረታ ሊወጡ የደረሱ ዋና ሳጅን ነበሩ ግሩፑ ላይ። ከመጻፍ ይልቅ በድምፅ መላክ ነው የሚወዱት። «ልጆች፣ ፕላን ስታነሱ ከዛፍ አትለኩ» አሉን። እሳቸው ከአንድ ባሕር ዛፍ ለክተው፣ ጉዳዩ ተጓቶ ከዓመት በኋላ ቦታው ይታይ ሲባል ዛፉ ከሰል ሆኗል። ከድልድይ ወይም ከኪሎ ሜትር ድንጋይ ለኩ ነው ምክሩ። ይህን በየትኛው ሥልጠና ነው የምታገኚው?

2. ፎቶ። እዚህ ላይ ቁጭ ብለሽ አንብቢኝ።

ነሐሴ 2011 ነው። ደብረ ብርሃን ሞተር ተሰርቋል የሚል መልእክት ግሩፑ ላይ ወጣ። ቀይ፣ ሁለት ወንበር፣ ሰሌዳው የተፈታ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ኬላው ጋ እየዘነበ አንድ ልጅ በቀይ ሞተር መጣ። ሰሌዳ የለውም። ሊብሬ አልያዘም። ደነገጠ፣ ተንተባተበ። እኔ ደግሞ ስልኬን በፌስታል ጠቅልዬ ይዤ ነበር፣ ከፌስታሉ አወጣሁትና ፊቱን አነሳሁት። መታወቂያውን አነሳሁት። ሞተሩን አነሳሁት። «ሌባው ተይዟል» ብዬ ለጠፍኩ። አውራ ጣት በአውራ ጣት ላይ ተደረደረልኝ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ።

የሻንሲ ቁጥሩን ያየሁት በማግስቱ ጠዋት ነው። ከተሰረቀው ሞተር ቁጥር ሁለት አሃዝ ይለያል። ሞተሩ የአጎቱ ነበር፤ ሰሌዳው የተፈታው ተሰብሮ ሊበየድ ነው። ሊብሬው ከአጎቱ ጋር መጣ። ልጁን ይቅርታ ጠይቄ ለቀቅኩት። ግሩፑ ላይም «ተሳስቻለሁ፣ ልጁ ንጹሕ ነው» ብዬ ጻፍኩ። አለቀ ብዬ ነበር።

በሦስተኛው ቀን እናቱ መጡ። እዚሁ ሰሜን ሸዋ ካለችው ከአርማንያ ነው የመጡት። የጎረቤት ስልክ ተውሰው ይዘዋል፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ። ስንጥቁ በልጁ ፊት ላይ ያልፋል። ፌስቡክ ላይ ነው ፎቶው፣ መታወቂያው ጭምር፣ ከላዩ «የሞተር ሌባ» ተብሎ። «ልጄን ሌባ ያልከው አንተ ነህ?» አሉኝ። ልጁ ለካ ሽማግሌ ልኮ ነበር። የልጅቷ ቤተሰቦች ፎቶውን አይተው ሽማግሌዎቹን መልሰዋቸዋል።

እኔ የለጠፍኩት 60 ሰው የማይሞላበት ግሩፕ ላይ ነው። ማን አወጣው? አጣርተን ደረስንበት። ከሥራ ከለቀቀ ስምንት ወር የሆነው የቀድሞ ባልደረባችን ነው። ደላላ ሆኗል። ከግሩፑ ያስወጣው ሰው አልነበረም። አድሚኑ ማን ነበር? እኔ። የሚገርምሽ፣ «ሌባው ተይዟል» የሚለው አገር አዳረሰ፤ «ተሳስቻለሁ» የሚለውን ግን አንድም ሰው ፎርዋርድ አላደረገውም።

ከዚያ ዲሲፕሊን ኮሚቴ። ጥፋቴን አምኜ ነው የገባሁት፣ ቅጣቱ አይቆጨኝም። የቆጨኝ ውሳኔውን ለመቀበል የተመላለስኩበት ቢሮ ነው፣ ስሙን አልጠራም። አምስት ቀን «ነገ ና» ተባልኩ። በስድስተኛው ቀን ጸሐፊው ከሻዩ ቀና ሳይል «በስልክህ የጻፍከውን በስልክህ ጠይቅ» አለኝ። ወረፋ የያዘው ባለጉዳይ ሁሉ ሳቀ። ማዕረጌ ሁለት ዓመት ተያዘ። ሰንዳፋ የፖሊስ ሥልጠና ልሄድ ስሜ ወጥቶ ነበር፣ እሱም ቀረ። ከኔ በኋላ የተቀጠሩ ልጆችን ዛሬ «ጌታዬ» እላለሁ።

ወደ አርማንያም ሄድኩ። ሦስት ሽማግሌ ይዤ፣ ድንጋይ ተሸክሜ። እናትየው ብዙ አስቆዩኝ። ትከሻዬ ዛለ። በኋላ ራሳቸው ድንጋዩን አወረዱልኝ። የልጅቷ ቤት ድረስም ሄጄ ስህተቱ የኔ ነው ብዬ ተናገርኩ። ጋብቻው ግን አልሆነም።

3. አድሚንነት ጌጥ አይደለም። ሰው ሲዛወር፣ ሲለቅ፣ ስልኩ ሲጠፋበት የዚያኑ ቀን ከግሩፑ ይውጣ። አዲስ ገቢ የድሮውን መልእክት እንዳያይ ዝጉት። የእያንዳንዳችሁ ስልክ ቁጥር ለማንም እንዳይታይ በሴቲንግ ደብቁት፤ ጊዜውን ታውቂዋለሽ። ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል የሌለው ሰው አይግባ። መልእክት በራሱ ጊዜ እንዲጠፋ ማድረግም ይቻላል፣ እኛ አሁን ሳምንት ላይ አድርገነዋል። «ቴሌግራም ሚስጥር ይጠብቃል» የሚልሽን አትስሚ። ከጽሑፍ መልእክት ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቆለፈው፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም የማያነበው፣ በሁለት ሰው መካከል የሚከፈተው ሚስጥራዊ ቻት ብቻ ነው። ግሩፕ እንደዚያ አይቆለፍም፣ ቢቆለፍስ ስክሪንሾትን ማን ይከለክላል?

ኢንተርፖል እንኳ 196 አገሮችን የሚያገናኘው አይ 24/7 በሚሉት የራሱ ዝግ መስመር ነው። የተፈላጊ ሰው ስምና ፎቶ በዚያ ነው የሚሄደው። እኛ ወረዳ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለንም። ስለዚህ ተጠርጣሪ ከሆነ ለተረኛ መኮንኑ ደውዪ፣ በደብዳቤ አስተላልፊ። ይረዝማል፣ አውቃለሁ። ግሩፑ ላይ ስለተሰረቀ ሞተር ከተጻፈ ቀለሙንና የሻንሲ ቁጥሩን ብቻ ጻፉ፤ ሰው አትለጥፉ። የፕላን ፎቶም ከሆነ ሰሌዳውን ሸፍኑ፣ የተጎዳ ሰው በጭራሽ እንዳይታይ።

4. ሕጉን በተመለከተ አጭር ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ 3 ተከሳሽን እንኳ እስኪፈረድበት እንደ ጥፋተኛ አትቁጠር ይላል፤ የኔው ልጅ ገና ተከሳሽም አልነበረም። አሁን ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። በኔ ጊዜ አልነበረም። የኔ ነገር ዛሬ ቢሆን ሁለት ዓመት ማዕረግ በመያዝ ብቻ የሚያልቅ አይመስለኝም።

የጭረቱን ስሌት ከፈለግሽ የሸዋ ሮቢቱ ልጅ የላከልኝ ወረቀት ፎቶ አሁንም አለኝ፣ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ።

ልጁ ያቺን ቀይ ሞተር ዛሬም ይነዳል። ሰሌዳዋ ተበይዷል። ኬላው ጋ ሲደርስ ምልክት ሳልሰጠው ዳር ይዞ ይቆምና ሊብሬውን ያወጣል። «ሂድ፣ ሂድ» ብለውም አይሄድም። ገልጬ እስካየው ይጠብቀኛል።