ስለ ሀብት ክፍፍል ስትከራከሩ ዋጋውን ማን እንደሚቆርጠው ጠይቁ

ልጆቼ፣ ሰሞኑን የምትከራከሩበትን ሁሉ እያነበብኩ ነው። ሀብቱ በጥቂቶች እጅ ገባ፣ መሬት ይሸጥ፣ የለም አይሸጥ፣ መንግሥት ይያዘው፣ ገበሬው ይያዘው። ደስ ይለኛል። ወጣቱ ስለ ፍትሕ መከራከር ያቆመበት አገር ነው የሚያሳስበኝ። ግን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በእህል ገበያና በዋጋ ጥናት ላይ ስለሆነ አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ማለፍ አልፈልግም። ክርክራችሁ «ንብረቱ የማን ይሁን?» ላይ ይጀምርና እዚያው ያልቃል። «ምርቱ ሲሸጥ ዋጋውን የሚቆርጠው ማነው?» ብሎ የሚጠይቅ አላየሁም። ከእናንተ በፊት የነበሩት፣ ያውም እጅግ ጎበዞች የነበሩት፣ ይህንን ጥያቄ ዘለውት ነው ያለፉት።

በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ ከመሬት ተነስተው አልነበረም። በደቡቡ ክፍል ጭሰኛው ካመረተው ላይ ሲሶውን፣ ብዙ ቦታ ደግሞ እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይሰጣል። ከምርቱ አንድ አሥረኛ የሆነው ግብር፣ አስራቱም የሚወጣው ከሱ ነው። በዚያ ላይ ለባለመሬቱ ቤት ይሠራል፣ እህሉን ያጓጉዛል፣ በዓል ሲመጣ መተያያ ይዞ ይሄዳል። የጭሰኛውን ኪራይ በሕግ ለመወሰን የተረቀቁት ሕጎች ፓርላማ ገብተው ሳይጸድቁ ቀሩ፤ ፓርላማው የባለመሬቶች ነበርና። አርሲ ውስጥ ጭላሎ ላይ ደግሞ ከስዊድን በመጣ እርዳታ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ሲገባ መሬቱ ትርፍ ማስገኘት ጀመረ፤ ያኔ ባለመሬቱ ትራክተር አመጣና ጭሰኛውን አስነሳው። ልማት መጣ፣ ገበሬው ተፈናቀለ። ይህን እያየ ዝም የሚል ወጣት ቢኖር ነበር የሚገርመው።

ከዚያ ወታደራዊው መንግሥት ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31ን አወጣ። የገጠር መሬት በሙሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ። አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለው ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ፣ መሬት እንዳይሸጥ፣ እንዳይከራይ፣ በዕዳ እንዳይያዝ ተደነገገ። ጭሰኝነት በአንድ ቀን ቀረ። አሁን አሁን ይህንን አዋጅ ማጣጣል ፋሽን ሆኗል። እኔ ግን ዛሬም ትልቅ ሥራ ነበር እላለሁ። የሰው ልጅ በሰው ደጅ አጎንብሶ መኖሩን ያስቀረ ሥራ ትንሽ ሊባል አይችልም።

ታዲያ ክርክሩ ከዚህ በኋላ ምን ላይ ሆነ? ኢሕአፓና መኢሶን የሚባሉትን ሁለት የግራ ፓርቲዎች ስማቸውን ታውቃላችሁ። የሁለቱም ሰዎች «መሬት ላራሹ» ሲሉ የኖሩ፣ አንድ ዓይነት መጻሕፍት ያነበቡ፣ ብዙዎቹም አንድ ግቢ ውስጥ ያደጉ ናቸው። በመሬቱ ጉዳይ መሠረታዊ ልዩነት አልነበራቸውም። ልዩነታቸው ሥልጣኑ ላይ ነበር። መኢሶን ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» ሰጥተን፣ ማለት እየነቀፍን እየደገፍን፣ ከውስጥ እንግፋው አለ። ኢሕአፓ የለም፣ አሁኑኑ «ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት» ይቋቋም አለ። በ1968 ዓ.ም. ክርክሩ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ «አብዮታዊ መድረክ» በሚባለው አምድ ሳይቀር ይካሄድ ነበር። ሌኒን እንዲህ አለ፣ ማኦ እንዲህ አለ። ስለ ጭቁኑ ገበሬ ብዙ ተጽፏል። ገበሬው ጤፉን ለማን እንደሚሸጥ፣ በስንት እንደሚሸጥ፣ በሸጠበት ብር ጨውና አቡጀዲ በስንት እንደሚገዛ ግን ካነበብኩት ሁሉ ውስጥ ፈልጌ ያገኘሁት ኢምንት ነው። ቀጥሎ የመጣውን ታውቃላችሁ። መጀመሪያ እርስ በርስ ተገዳደሉ፣ ከዚያ ደርግ ሁለቱንም በየተራ በላቸው። ብዙዎቹ እናንተን የሚያክሉ ልጆች ነበሩ። የዚያ ትውልድ እናቶች ሐዘን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

በዚያው ጊዜ ገጠር ውስጥ ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። ገበሬው ለባለመሬት የሚከፍለው ሲቀርለት መጀመሪያ ያደረገው ምን መሰላችሁ? በላ። ልጆቹን በደንብ አበላ። ይህ ሐቁ ነው፣ የለውጡም ዓላማ ይኸው ነበር። ግን ገበያ የሚወጣው እህል ቀነሰ፣ ከተማ ላይ ዋጋ ወጣ፣ ወታደሩና የከተማው ሕዝብ ደግሞ መቀለብ አለበት። ስለዚህ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቋቋመ። ቆየት ብሎ ኮታ መጣ። ገበሬው ይህንን ያህል ኩንታል፣ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ፣ አምጣ ተባለ። ዋጋው ከነፃ ገበያው በጣም ዝቅ ያለ ነበር። ምርት ያልሞላለት ገበሬ ከነጋዴ በውድ እየገዛ ለኮታ በርካሽ ያስረክብ ነበር! ይህንን ቆም ብላችሁ አስቡት። መሬቱ የሱ ነው፣ ባለመሬት የለበትም፣ ግን ዓመት በዓመት ከጎተራው የሚወጣ አለ። ያኔ የሚወስደው ባለመሬት በአካል ይመጣ ነበርና ታየዋለህ፣ ትጠላዋለህ፣ ይብስ ካለም ታምፅበታለህ። ዋጋ ግን ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ነው። ሀብት ከድሃ ወደ ሌላ የሚሄድበት ትልቁ መንገድ እሱ ሆኖ ሳለ ማንም መፈክር አልጻፈበትም። ይህ ሁሉ እስከ 1982 ዓ.ም. ቆየና የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲው ሲታወጅ ኮታው ቀረ።

የሚቆጨኝ ጥያቄው አዲስ አለመሆኑ ነው። የእኛዎቹ አርአያ ያደረጓቸው ሰዎች ከእነሱ ሃምሳ ዓመት ያህል ቀድመው ተከራክረውበታል። ሩሲያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1923 የፋብሪካ ዕቃ ዋጋ ወደ ላይ፣ የእህል ዋጋ ወደ ታች ሄዶ ገበሬው እህሉን ማውጣት ተወ። ሁለቱ ዋጋዎች እንደ ተከፈተ መቀስ ስለተራራቁ «የመቀስ ቀውስ» ይሉታል። ያኔ ሁለት የገዢው ኮሚኒስት ፓርቲ ሰዎች ተፋጠጡ፤ ፕሬኦብራዥንስኪና ቡኻሪን። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የፓርቲ መማሪያ መጽሐፍ አብረው የጻፉ ጓደኛሞች ናቸው። ፕሬኦብራዥንስኪ በግልጽ ተናገረ። ፋብሪካ ለመትከል ገንዘብ ያስፈልጋል፣ ያለው ምንጭ ገበሬው ነው፣ ስለዚህ በርካሽ እየሸጠ በውድ እንዲገዛ ዋጋውን መንግሥት ይቁረጠው አለ። ቡኻሪን ደግሞ እንዲህ ካደረጋችሁ ገበሬው ማምረቱን ይተዋል፣ ይልቁንም ገበሬው ሲበለጽግ ነው የፋብሪካውን ዕቃ የሚገዛው ሲል ተቃወመ። እ.ኤ.አ. በ1925 ገበሬዎችን «በልጽጉ» እስከማለት ደረሰ። በፕሬኦብራዥንስኪ ሐሳብ አልስማማም፣ ግን አከብረዋለሁ፤ ማን እንደሚከፍል አልደበቀም። ስታሊን መጀመሪያ ከቡኻሪን ጋር ቆሞ እነ ፕሬኦብራዥንስኪን አባረረ። ቀጥሎ ቡኻሪንን ጣለና እህሉን በግድ መሰብሰብ፣ ገበሬውንም ወደ ኅብረት እርሻ መንዳት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1932 እና 1933 በተከተለው ረሀብ ሚሊዮኖች አለቁ። ሁለቱንም ተከራካሪዎች አስገደላቸው፤ ፕሬኦብራዥንስኪን እ.ኤ.አ. በ1937፣ ቡኻሪንን በ1938። የቡኻሪን ስም ሞስኮ ላይ ከክሱ የነጻው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። በአብዮቱ ጊዜ እዚህ አገር በየመጻሕፍት ቤቱ በሳንቲም የምናገኛቸው የሞስኮ መጻሕፍት ውስጥ የዚህ ሰው ጽሑፍ ያልነበረው ለዚህ ነው። ለእኛ በጣም የሚያስፈልገን ክርክር ከመደርደሪያው ወጥቶ ነበር የደረሰን።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ዛሬ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ስትከራከሩ፣ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ይሁን የሚለውንም፣ በግል ይያዝ የሚለውንም አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቁ። ገበሬው ጥር ላይ ዕዳ ስላለበት በርካሽ ሸጦ ነሐሴ ላይ ያንኑ እህል በውድ የሚገዛው ነገር በአንተ ሐሳብ እንዴት ይቀራል? ማዳበሪያው ዘግይቶ ሲደርስ ኪሣራው የማን ነው? ለከተማው ሕዝብ እንጀራ እንዲረክስ ከተፈለገ ልዩነቱን ከየት ታመጣዋለህ? ማርክስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1875 የጀርመን ሶሻሊስቶች «ሠራተኛው የላቡን ሙሉ ፍሬ ያግኝ» ብለው ሲጽፉ፣ ለሚያረጀው መሣሪያ፣ ለመጠባበቂያ፣ ለትምህርት ቤት፣ መሥራት ለማይችለው ሰው የሚቀነሰውስ የት አለ ብሎ ሞግቷቸዋል። ሒሳቡን ሳትሠሩ አትካፈሉ። ያልገባችሁን ሐሳብ ይዞ የሚሞግታችሁንም ሰው ባንዳ፣ ካድሬ ብላችሁ አትዝጉት፤ የዚያን ጊዜዎቹ የጀመሩት በስም መለጣጠፍ ነበር።

ጊዜ ስታገኙ ደግሞ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ግቡና የ1968ቱን አዲስ ዘመን አስወጡ። የኢሕአፓን «ዴሞክራሲያ» እና የመኢሶንን «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» ካገኛችሁም ጎን ለጎን አስቀምጡ። የአንዱን ብቻ አንብባችሁ አትነሱ። አዋጅ ቁጥር 31ንም ከመግቢያው ጀምራችሁ አንብቡት፣ ረጅም አይደለም። ስታነቡ እርሳስ ያዙና ስለ ዋጋ የተጻፈውን ሁሉ አስምሩበት።