ጀርመን ለመማር ስንት ጀርመንኛ ይበቃል? ክፍት ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁም። በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ ዛሬ ሁላችሁም እዚሁ ጠይቁኝ። እኔ ጀርመን ነው የተማርኩት፣ አሁን ደግሞ ለዲኤስኤችና ለቴስትዳፍ፣ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ለሚጠየቁት የጀርመንኛ ፈተናዎች ማለት ነው፣ የሚዘጋጁ ልጆች አስተምራለሁ፣ ስለዚህ ስለ ቋንቋው ብቻ። ቪዛና ገንዘብ ሌላ ሰው ይመልስ። አደራ የምላችሁ፣ የፈለጋችሁትን ፕሮግራም የራሱን ገጽ ሳታነቡ አትጠይቁኝ፣ መስፈርቱ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል።

ጥያቄ፦ እህታችን እናመሰግናለን። ጀርመን ለመሄድ ጀርመንኛ ግዴታ ነው?

መልስ፦ ምን ልትማር? ባችለር ነው ማስተርስ? ትምህርቱ በምን ቋንቋ ነው? ይሄን ሳትነግረኝ ምን ብዬ ልመልስልህ።

ጥያቄ፦ ይቅርታ፣ ባችለር ነው፣ መካኒካል ኢንጂነሪንግ፣ በጀርመንኛ።

መልስ፦ አሁን ገባኝ። ብዙ ቦታ የሚጠየቀው ዲኤስኤች 2 ነው፣ ወይ ቴስትዳፍ በአራቱም ክፍል 4፣ ወይ ቴልክ ሲ1 ሆኽሹለ የሚባለው ፈተና (የቋንቋ ደረጃው ከኤ1 ጀምሮ ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2፣ ሲ1 እያለ እስከ ሲ2 ይወጣል)። የቴስትዳፍ አራቱም ክፍል ማለት ማንበብ፣ ማዳመጥ፣ መጻፍ፣ መናገር ነው፣ በማንበብ 5 አምጥተህ በማዳመጥ 3 ከመጣብህ ብዙ ቦታ አይቀበሉህም። የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃህ በቀጥታ የማያስገባህ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሽቱዲየንኮሌግ የሚባል የዩኒቨርሲቲ መሰናዶ ትገባለህ፣ ለኢንጂነሪንግ ቲ-ኩርስ የሚባለው የቴክኒክ ክፍል ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሴሚስተር ይፈጃል፣ ለዚያም የመግቢያ ፈተና አለው፣ ቋንቋው ቢ1 ወይ ቢ2 ይጠየቃል። የትኛው እንደሆነ ገጹ ላይ ተጽፏል፣ አንብበው።

ጥያቄ፦ የብሎክድ አካውንት ብር ስንት ደረሰ?

መልስ፦ ስለ ገንዘብ አልመልስም ብያለሁ።

ጥያቄ፦ እህቴ እኔ ቢ2 ጨርሻለሁ፣ ሰዋስው ላይ ጎበዝ ነኝ፣ ማዳመጥ ላይ ግን እሞታለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ነው ስጠብቅ የነበረው። ብዙ ልጅ የሚወድቀው ማዳመጥ ላይ ነው፣ አልፎ የገባውም ሌክቸር ክፍል ቁጭ ብሎ ምንም የማይገባው በዚሁ ምክንያት ነው። ጀርመንኛ ብዙ ጊዜ ግሱን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን አረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ፕሮፌሰሩ «ዲ ጻል ደር ሽቱዲረንደን ኒምት» ብሎ ይጀምራል፣ የተማሪዎቹ ቁጥር ማለቱ ነው፣ «ኒምት» የግሱ የመጀመሪያ ግማሽ ነው፣ ከዚያ ከመቼ ጀምሮ፣ በየትኛው ክፍለ ሀገር፣ በምን ምክንያት እያለ ይቀጥላል፣ መጨረሻ ላይ «ጹ» ካለ ቁጥሩ ጨምሯል፣ «አብ» ካለ ቀንሷል። ያቺን አንዲት ቃል ካልሰማሽ ማስታወሻሽ ላይ የጻፍሽው ሁሉ ተገልብጦ ይቀራል። እና ልጆቼን የማሠራቸው ይሄንን ነው፣ ሰምተሽ ወዲያው አትተርጉሚ፣ መጨረሻው እስኪመጣ ያዥው። እኛ እኮ በአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ መጠበቅ ለምደናል፣ የሚያሳስተን ጀርመንኛን በእንግሊዝኛ በኩል ስለምንሰማው ነው።

ሁለተኛው ቁጥር ነው። 75ን «አምስትና ሰባ» ብለው ነው የሚጠሩት፣ እጅሽ መጀመሪያ 5 ይጽፍና 57 ይሆናል። በየቀኑ ዓመተ ምሕረትና ፐርሰንት እየሰማሽ ጻፊ። ዶይቸ ቬለ በቀስታ የሚነበብ ዜና በነፃ አለው፣ ከነጽሑፉ። መጀመሪያ ጽሑፉን ሳታዪ ስሚ፣ የገባሽን በጀርመንኛ ጻፊ፣ ከዚያ አስተያዪ። ሲለምድሽ ወደ መደበኛው ፍጥነት ሂጂ፣ በቀስታው ላይ አትቅሪ፣ ፕሮፌሰር በቀስታ አያወራልሽም።

አባል፦ እኔ በርሊን ማስተርሴን በእንግሊዝኛ እየተማርኩ ነው፣ አንድም ቀን ጀርመንኛ አላስፈለገኝም። ሰው አታስፈራሩ።

ሌላ አባል፦ አንተ በርሊን ስለሆንክ ነው! እኔ ባየርን ትንሽ ከተማ ነኝ፣ መኖሪያ ላስመዘግብ ስሄድ ሠራተኛዋ በእንግሊዝኛ አላወራም ብላ ጓደኛዬን ይዤ ተመለስኩ። ፎርሙም በጀርመንኛ ነው።

አባል፦ ጎግል ትራንስሌት አለ እኮ።

ሌላ አባል፦ ስልክ ደውለው ለሥራ ኢንተርቪው ሲጠሩህም በጎግል ትራንስሌት ነው የምታወራው? ደግሞ እዚህ የሚያወሩት ዘዬ ራሱ ጀርመንኛ አይመስልም።

አባል፦ ዘዬውን ጀርመኖቹም አይሰሙትም፣ ምን አገናኘው?

መልስ፦ በቃ፣ ዘዬውን ተዉትና ወደ ጥያቄው እንመለስ። በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ማስተርስ ብዙ ነው፣ ብዙዎቹ ለመግቢያ ጀርመንኛ አይጠይቁም፣ ልክ ነው። መግባትና መኖር ግን ለየብቻ ናቸው። ቤት ስትገቡ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻ ማስመዝገብ አለባችሁ፣ የኪራይ ውል፣ የጤና መድን ደብዳቤ፣ አብዛኛው በጀርመንኛ ነው የሚመጣው። ከትምህርት ጎን ለመሥራትም ቋንቋ ያለውና የሌለው የሚያገኙት ሥራ አይገናኝም። በእንግሊዝኛ የምትማሩም ቢያንስ ኤ2 ይዛችሁ ሂዱ ባይ ነኝ። እዚያ ሄጄ እማራለሁ የሚል ሰው ሴሚስተሩ ሲጀምር ጊዜ አያገኝም።

ጥያቄ፦ በ3 ወር ከዜሮ ቢ2 ይደረሳል? አንድ ትምህርት ቤት እናደርሳለን እያለ ነው።

መልስ፦ ጎተ ኢንስቲትዩት ለቢ2 የሚገምተው ከ600 እስከ 800 ክፍለ ጊዜ ነው፣ አንዱ 45 ደቂቃ። አስላው፣ ከ450 እስከ 600 ሰዓት ይመጣል። በ3 ወር ካልክ እሑድም ሳትቀር በቀን ቢያንስ 5 ሰዓት ክፍል ውስጥ ነህ፣ የቤት ሥራው ሳይቆጠር። ብርህን ከመክፈልህ በፊት በቀን ስንት ሰዓት ነው የምታስተምሩት ብለህ ጠይቃቸው።

ጥያቄ፦ ሰርተፍኬት ጊዜው ያልፋል?

መልስ፦ የጎተ ሰርተፍኬት ላይ የማብቂያ ቀን የለም፣ ግን ከ2 ዓመት የቆየ የማይቀበል ተቋም አለ። የፕሮግራሙን ገጽ አንብቡ፣ ስንቴ ልበል።

ጥያቄ፦ ጀርመን በነፃ ለመማር ቋንቋ ግዴታ ነው?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ መናገር ያሳፍረኛል። ቴስትዳፍ ይሻለኛል ወይስ ዲኤስኤች?

መልስ፦ ዲኤስኤች ዩኒቨርሲቲው ራሱ ነው የሚፈትነው፣ ለቃል ፈተናው መምህራን ፊት ትቀመጫለሽ፣ ስትደነግጪ አይተው ጥያቄውን ሊያቀሉልሽ ይችላሉ። ቴስትዳፍ ላይ ሰው የለም፣ ከኮምፒውተር ጋር ነው፣ ጥያቄው ይመጣል፣ የመዘጋጃ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ከዚያ ማይክ ላይ ታወሪያለሽ፣ ዝም ካልሽም ዝምታሽ ይቀዳል። ሰው የሚያስፈራሽ ከሆነ ቴስትዳፍ ይሻልሻል፣ ሰዓት የሚያስፈራሽ ከሆነ ደግሞ ዲኤስኤች። የቱንም ብትመርጪ ግን ከዛሬ ጀምሮ ስልክሽ ላይ ሰዓት ሞልተሽ ድምፅሽን ቅጂ፣ ግራፍ አውጪና አንድ ደቂቃ ተኩል ስለሱ አውሪ፣ መልሰሽ ስሚው። ከፈለግሽ አንዱን ላኪልኝ፣ ሰምቼ እነግርሻለሁ።