መልስ፦ ዓይናቸው የፈጠጠው ሦስቱ እነማን ናቸው?

በጨርቅ ሥዕሉ ላይ ጎን ለጎን ያሉት ሦስቱ እነማን ናቸው ላልከው፣ እህትና ወንድማማቾች የሆኑ የሂንዱ አማልክት ናቸው። ጥቁሩ ጃጋናት ነው፤ አማኞቹ ክሪሽና የተባለው አምላክ ራሱ ነው ይላሉ። ነጩ ታላቅ ወንድሙ ባላባድራ፣ መሃል ያለችው ቢጫዋ ሱባድራ ናት። ሥዕሉ ፓታቺትራ ይባላል፤ የሕንዷ ግዛት የኦዲሻ ሙያ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። እዚያው ኦዲሻ፣ ፑሪ ከተማ ባለው ቤተ መቅደስ የሦስቱ የእንጨት ምስሎች በየዓመቱ ሰኔ ገደማ በ108 እንስራ ውሃ ይታጠባሉ። ከዚያ «ታመሙ» ተብሎ ለ15 ቀን ያህል ከሕዝብ ይሰወራሉ። (በዚያ ሁሉ ውሃ ማን አይታመም!) እስኪያገግሙ በጨርቅ የተሳሉት ይተኳቸዋል።

ጨርቁም ዝም ብሎ አይሳልበትም። ከሁመር ዘር በሚሠራ ሙጫና በጠመኔ ዱቄት ይለቀለቃል፤ ሲደርቅ ቆዳ እስኪመስል በድንጋይ ይታሻል። ጥቁሩ ቀለም የኩራዝ ጥላሸት ነው።