መልስ፦ ደንበኛዬ ያለበት ክልል ለነጻነት ድምፅ ቢሰጥ በዱቤ የሸጥኩት ዕቃ ገንዘብ ምን ይሆናል?

ድምፅ በተሰጠ ማግሥት ምንም አይለወጥም፤ ስለዚህ ከደብረ ብርሃን በዱቤ የላኩት የብርድ ልብስ ሒሳብ በዚህ ብቻ አይሰረዝም። ችግሩ የሚጀምረው አዲሱ መንግሥት የራሱን ገንዘብ ሲያወጣ ነው።

ኤርትራ በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ካደረገች በኋላም በብር ስትገበያይ ቆይታ የራሷን ገንዘብ ናቅፋን ያወጣችው በ1990 ዓ.ም. ሲሆን፣ ኢትዮጵያም ከአነስተኛው የድንበር ንግድ በቀር ግብይቱ በውጭ ምንዛሪ እንዲሆን ወሰነች። ደቡብ ሱዳን ግን በሐምሌ 2003 ዓ.ም. ነጻ በወጣችበት በዚያው ወር ፓውንዷን አወጣች፤ ስለዚህ እርስዎም በኤርትራ ጊዜ የነበረውን ያህል ፋታ ላያገኙ ይችላሉ።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ የደብረ ሲና አንድ ነጋዴ ከአሥመራ ደንበኛቸው ቀሪ ሒሳብ ሲጠይቁ፣ ደረሰኙ መጠኑን እንጂ የመክፈያውን ገንዘብ ስለማይገልጽ «ናቅፋ ይውሰዱ» ተብለው ብዙ ተጨቃጭቀዋል። በየትኛው ገንዘብ፣ የትና በምን ተመን እንደሚከፈልዎት አሁኑኑ በምስክር ፊት ያስጽፉ።